ስለ ኤች ፒ ቪ እና ስለ ክትባቱ የጎጃም ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች የክትባት ቡድን በመጣ ቁጥር በጤና ኬላ በረንዳ፣ በትምህርት ቤት ግቢ፣ በሰንበቴና በዕድር ላይ የሚነሱ ናቸው። የሚጠይቁት እናቶች፣ አባቶች፣ የንስሐ አባቶች፣ አንዳንዴም ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። አንዳንዱ በአንድ መስመር ያልቃል። ሰው በሆዱ ይዞት የሚዞረውን ግን ረዘም አድርጌ መልሼዋለሁ።

ኤች ፒ ቪ ምንድን ነው?

ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ የሚባል፣ ከ200 በላይ ዓይነት ያለው የቫይረስ ቤተሰብ ነው። ብዙዎቹ ዓይነቶች እጅና እግር ላይ ኪንታሮት ከማውጣት አያልፉም። 40 የሚሆኑት ብልትና አካባቢውን ይይዛሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ 12 ያህሉ ካንሰር ማምጣት ይችላሉ። በተለይ 16 እና 18 የሚል ቁጥር የተሰጣቸው ሁለቱ ከ10 የማህፀን በር ካንሰሮች 7 ያህሉን ያመጣሉ። ሌሎች ሁለት፣ 6 እና 11፣ ካንሰር ባያመጡም አብዛኛው የብልት ኪንታሮት የሚመጣው በእነሱ ነው።

የማህፀን በር ካንሰር ከዚህ ቫይረስ እንደሚነሳ ያሳየው ሃራልድ ዙር ሃውዘን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ይህን የማነሳው አባቶች «ካንሰር እንዴት በመርፌ ይከለከላል?» ብለው ስለሚጠይቁኝ ነው። ክትባቱ ካንሰሩን በቀጥታ አያክምም፤ የካንሰሩን መነሻ ቫይረስ ነው ከበር የሚመልሰው።

በምን ይተላለፋል?

በዋናነት በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ የብልት አካባቢ ቆዳ ከቆዳ ሲነካካ። አብሮ በመብላት፣ በአንድ ኩባያ በመጠጣት፣ በመጨባበጥ ወይም በፀበል ቦታ አብሮ በመጠመቅ አይመጣም። ኮንዶም አደጋውን ይቀንሳል፤ የማይሸፍነው ቆዳ ስላለ ግን ሙሉ በሙሉ አይከላከልም።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ቫይረሱ እጅግ የተለመደ ነው። ግንኙነት የጀመረ ሰው አብዛኛው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ይያዛል። አንድ ባል ብቻ ያላት፣ በቁርባን ያገባች፣ ከቤቷ ወጥታ የማታውቅ ሴትም ትያዛለች፤ ባሏ ከእሷ በፊት የነበረውን ይዞ ሊመጣ ይችላልና። ስለዚህ በሽታው የተገኘባትን ሴት «ምን ብትሠሪ ነው?» ብሎ መጠየቅ ግፍ ነው። በዚህ ጥያቄ ምክንያት ደም እየፈሰሳቸው ዝም ብለው የተቀመጡ እናቶች አሉ።

የተያዘች ሁሉ ካንሰር ይይዛታል?

አይይዛትም። ከ10 ሰው በ9ኙ ላይ ሰውነት ራሱ በሁለት ዓመት ውስጥ ያጠፋዋል፤ ሰውየውም መያዙን ሳያውቅ ያልፋል። ችግሩ ሳይጠፋ የሚቀረው ነው። እሱ የማህፀን በር ሕዋሶችን ቀስ በቀስ እየለወጠ ካንሰር እስኪያደርጋቸው ከ15 እስከ 20 ዓመት ሊወስድ ይችላል። ኤች አይ ቪ ኖሮባት ሕክምና ባልጀመረች ሴት ላይ ከ5 እስከ 10 ዓመት በቂው ነው። በጠቅላላው ኤች አይ ቪ ያለባት ሴት ለዚህ ካንሰር ያላት ተጋላጭነት ከሌሎች 6 እጥፍ ነው።

እስቲ ዓመቱን አስሉት። በ15 ዓመቷ የተዳረች ልጅ በዚያው ዓመት ብትያዝ በሽታው የሚወጣው 30 እና 35 ዓመት ሲሞላት ነው። ያን ጊዜ የልጆች እናት ናት፤ ታናሹ ገና እግሯ ሥር ነው። ይህ ካንሰር እንደ እርጅና በሽታ አይደለም፤ ቤቱን የያዘችውን ሴት ነው የሚወስደው።

በአገራችን ያን ያህል የሚያሳስብ ነው?

አዎ። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው የማህፀን በር ካንሰር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ዓለም አቀፍ ግምት በዓመት ከ7,000 በላይ ሴቶች ይያዙ ነበር፤ ከ5,000 በላይ ደግሞ ይሞቱ ነበር። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩአቸው። የተያዙትና የሞቱት ያን ያህል የተቀራረቡት አብዛኞቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ዘግይተው ስለሆነ ነው።

ዘግይቶ ለተገኘ ካንሰር ዋናው ሕክምና ጨረር ነው። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በመላው አገሪቱ የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት አለ፣ ከዚያ አልጋ ይዞ ወረፋ መጠበቅ አለ። በሬ ሸጦ፣ መሬት አከራይቶ የሄደ ቤተሰብ ያውቀዋል። ክትባቱ ግን በነፃ ነው፤ ቡድኑም እስከ ቀበሌው ይመጣል።

ክትባቱ ለምን ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጃገረዶች? እነሱ ገና ሕፃናት አይደሉም ወይ?

ከሁሉ አጥብቄ የምመልሰው ይህን ነው፤ ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ። ወላጅ «ልጄ ገና ስለዚህ ነገር አታውቅም፤ ለምን ትወጋለች?» ይላል። መልሱ በራሱ በጥያቄው ውስጥ አለ፦ ስለማታውቅ ነው የምትከተበው። ክትባቱ የሚሠራው ቫይረሱ ከመግባቱ በፊት ነው። ከገባ በኋላ አያስወጣውም። አንዱ ዓይነት ከያዛት በኋላ ለዚያው መከተብ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የሰውነት ነው። በዚህ ዕድሜ ሰውነት ለክትባቱ የሚሰጠው ምላሽ ከአዋቂ ይበልጥ ጠንካራ ነው።

ሦስተኛው የእኛው ነው። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ቢከለክልም በጎጃም ገጠር 14 እና 15 ዓመት ሳይሞላቸው የሚዳሩ ልጆች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ማጨቱም፣ ሠርጉም፣ የዕድሜ ማስመርመሩም ያለበት አገር ነው። ድግሱ ለጥር ከታሰበ ክትባቱ ለግንቦት ይደር ማለት አይቻልም። ያለዕድሜ ጋብቻን ማስቆሙ ሌላ ሥራ ነው፤ መሠራትም አለበት። እስከዚያው ግን ልጅቷ ሳትከተብ መዳር የለባትም።

የስዊድንን ውጤት ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ጥናት ከ17 ዓመታቸው በፊት የተከተቡት ላይ የማህፀን በር ካንሰር 88 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ዘግይተው የተከተቡት ላይ ግን የቀነሰው ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። ክትባቱ አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ዕድሜው ነው።

መካን ያደርጋል ይባላል፤ እውነት ነው?

አይደለም። ይሁን እንጂ «ውሸት ነው» ብሎ ማለፍ ብቻ ሰውን አያሳምንም፤ ወሬው የሚያድረው ሦስት ነገሮች ላይ ተንጠልጥሎ ነውና አንድ በአንድ እንያቸው።

«ለምን ለሴቶች ብቻ?» ይባላል። የማህፀን በር ያለው ለሴት ብቻ ስለሆነና ያለውን ክትባት በቅድሚያ ይበልጥ ለሚጎዱት መስጠት ስለተመረጠ ነው። ሀብታም አገሮች ለወንዶችም ይሰጣሉ።

«ለምን በነፃ?» ይባላል። የልጆቻችሁ የኩፍኝ ክትባትም፣ የፖሊዮም፣ ነፍሰ ጡር ሆናችሁ የወሰዳችሁት የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም በነፃ ነው። የኤች ፒ ቪ ክትባት ወደ አገራችን የገባው ጋቪ በሚባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ጥምረት ድጋፍ ነው።

«የወሊድ መከላከያ ነው» ይባላል። ይህን የሚሉ እናቶችን ዲፖ የሚባለውን መርፌ አስታውሳቸዋለሁ። ዲፖ በየ3 ወሩ ካልተደገመ ሥራውን ያቆማል፤ ማንም እናት ታውቀዋለች። የኤች ፒ ቪ ክትባት ውስጥ ሆርሞን የለም። ቫይረሱም የለም። ያለው የቫይረሱን የላይ ቅርፊት የሚመስል፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ፕሮቲን ነው። ሰውነት ያንን ዓይቶ ጠላቱን ለመለየት ይማራል። መካን የሚያደርግበት መንገድ የለውም።

አውስትራሊያ ለልጃገረዶቿ መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ሩዋንዳ ከአፍሪካ ቀድማ እ.ኤ.አ. በ2011 ጀመረች። ያን ጊዜ የተከተቡት ልጆች ዛሬ ወልደው እያሳደጉ ነው። በዓለም ከ500 ሚሊዮን ዶዝ በላይ ተሰጥቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የክትባት ደኅንነት ኮሚቴም መረጃዎቹን እየመረመረ ከመካንነት ጋር የሚያገናኘው ነገር አላገኘም።

መካን የሚያደርገው በሽታው ነው። ካንሰሩ የተገኘባት ወጣት ሴት ማህፀኗ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል፤ ጨረር ከወሰደች ደግሞ ከዚያ በኋላ አትወልድም። የልጁን ልጅ ማየት የሚፈልግ አባት ሊፈራ የሚገባው ይህን ነው።

ስንት ጊዜ ነው የሚሰጠው? ባለፈው ሁለት ጊዜ አልነበረም እንዴ?

ልክ ናችሁ። ክትባቱ በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ለ14 ዓመት ልጆች በ6 ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ነበር። አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በኅዳር 2017 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ዘመቻ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች የተከተቡት አንድ አንድ ጊዜ ነው።

«አሳጠሩት፤ ጎደለ ማለት ነው» የሚል ቅሬታ ሰምቻለሁ። አልጎደለም። ኬንያ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ዓመት በሆኑ ወጣቶች ላይ በተደረገ ጥናት አንድ ዶዝ ብቻ የወሰዱት ላይ ክትባቱ በ18 ወር ክትትል 16 እና 18 የተባሉትን ዓይነቶች 97.5 በመቶ ተከላክሏል። ከ10 ዓመት በላይ የተከታተሉ የሌሎች አገሮች ጥናቶችም መከላከያው እንደጸና አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ ዶዝ እንደሚበቃ ያስታወቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ የሚለዩት ኤች አይ ቪ ያለባቸው ወይም የመከላከል አቅማቸው በሌላ ምክንያት የደከመ ልጆች ናቸው። እነሱ ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። የልጃችሁን ሁኔታ ለባለሙያዋ ለብቻ ንገሯት፤ በሰልፉ መካከል መናገር የለባችሁም።

ስትወጋ ያማታል? በጾም ቀን ቢሆንስ?

መርፌው የሚወጋው ክንድ ላይ፣ ከትከሻ ዝቅ ብሎ ነው። የተወጋው ቦታ አንድ ሁለት ቀን ያማል፣ ሊቀላና ሊያብጥ ይችላል። አንዳንዷ ቀለል ያለ ትኩሳት ወይም ራስ ምታት ይኖራታል። ከባድ አለርጂ እጅግ አልፎ አልፎ የሚታይ ነው፤ ቢከሰት በቦታው ይታከማል።

ብዙ ወሬ የሚያስነሳው ራስን መሳት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆቹ ከጠዋት ጀምረው ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። ረቡዕ ነው፤ አብዛኞቹ እህል አልቀመሱም። ፊት ያለችው ስትወጋ ፊቷን ታጨማድዳለች፣ ከኋላዋ ያለችው ያንን እያየች ላብ ላብ ይላታል፣ ተራዋ ደርሶ ገና መርፌው ሳይነካት ጉልበቷ ይከዳታል። ከዚያ ሦስተኛዋ ትከተላለች። ማታ ቀበሌው በሙሉ «ልጆቹ ወደቁ» ይላል። ይህ በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ማንኛውንም መርፌ ሲያዩ የሚገጥም፣ ከድንጋጤ የሚመጣ ነገር ነው። እግሯን ከፍ አድርጎ ማስተኛት ይበቃል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ትነቃለች።

ስለዚህ ልጃችሁ ቁርሷን በልታ ትሂድ። ተቀምጣ ትወጋ። ከተወጋችም በኋላ 15 ደቂቃ ያህል ከጥላ ሥር ትቀመጥ። መርፌ ምግብ አይደለም፤ የጾሙን ሥርዓት በተመለከተ ግን የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ልትቆርብ ያለችበት ቀን ከሆነ በሌላ ቀን ትወሰድ። ወር አበባ ላይ ብትሆን ምንም አይደለም። ነፍሰ ጡር ከሆነች ግን እስክትወልድ ይቆይላት።

ልጄ ትምህርት አትሄድም። የቀበሌያችን ትምህርት ቤትም ተዘግቷል። ምን ላድርግ?

ክትባቱ የሚሰጠው ለተማሪ ብቻ አይደለም። ባለፉት ዓመታት በክልላችን በነበረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ እነዚህ ልጆች ከዘመቻው ተዘለው እንዳይቀሩ እጅግ ያሳስበኛል። ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቁ። ስሟን፣ ዕድሜዋንና ጎጧን አስመዝግቡ፤ ክትባቱ ሲመጣ እንድትጠራችሁ ስልክ ስጡ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ ስላለበት በየቀኑ በየኬላው ላይኖር ይችላል፤ የሚመጣበትን ቀን አስቀድሞ ማወቅ ባዶ እጅ ከመመለስ ያድናል። ከብት ጥበቃ ላይ ያለችውን፣ ሰው ቤት ሠራተኛ ሆና ባሕር ዳር፣ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም የሄደችውንም አትርሱ። ቤታችሁ የሰው ልጅ ካለች የማስከተቡ ኃላፊነት የእናንተ ነው።

እኔ እናትየዋ ዕድሜዬ አልፏል። ለእኔ ምን አለ?

ለእርስዎ ምርመራ አለ። ልጅዎን ይዘው ሲመጡ ለራስዎ ይጠይቁ፤ ለአንድ ጉዞ ሁለት ጥቅም ነው። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 የሆነ ሴቶች ሁሉ፣ ምንም ሕመም ባይሰማቸውም፣ መመርመር አለባቸው። ኤች አይ ቪ ያለባቸው ደግሞ ቀደም ብለው ይጀምራሉ።

እናቶች ምርመራውን የሚፈሩት ምን እንደሚደረግ ስለማያውቁ ነው። መጋረጃ ይጋረዳል። አዋላጇ ወይም ነርሷ ለመውለጃ በሚሆነው ዓይነት አልጋ ላይ ታስተኛዎታለች። ማህፀን በሩን የሚያሳይ መሣሪያ ቀስ አድርጋ ታስገባለች፤ ይቀዘቅዛል፣ ይጫናል፣ ግን አይቆርጥም። አቼቶ ውስጥ ያለውን አሲድ አቅጥና በጥጥ ትቀባዋለች። አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። ጤነኛው ሥጋ ሮዝ እንደሆነ ይቀራል፤ የተለወጠ ሕዋስ ያለበት ቦታ ግን ነጭ ሆኖ ይወጣል። በቃ። ውጤቱን እዚያው ይሰማሉ።

ነጭ ታየ ማለት ካንሰር ሆነ ማለት አይደለም። ካንሰር ሊሆን የሚችል ነገር ገና ሳይሆን ተገኘ ማለት ነው፤ ደስ ሊለን ይገባል። ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን በሚያቀዘቅዝ ወይም በሚያሞቅ መሣሪያ ይታከማል። ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ያህል ውኃ መሰል ፈሳሽ ይኖራል፤ ያን ጊዜ ከግንኙነት መታቀብ ግድ ነው። ይህን ባልየውም ሊሰማ ይገባዋል፤ ስለዚህ ቢቻል አብረው ይምጡ።

አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ይህን ያህል ወልጄ አሁን ገበናዬን ለማን ላሳይ?» ብለውኛል። «እመይቴ፣ የወለዱበትን ገበና ሐኪም ቢያየው ነውር የለውም» አልኳቸው። ልጃቸው ያን ዕለት ተመረመረች።

ምልክቱ ምንድን ነው?

መጀመሪያ ላይ ምልክት የለውም። ከቆየ በኋላ ያለ ወር አበባ ጊዜ መድማት፣ ከግንኙነት በኋላ መድማት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የማይለቅ የወገብና የእንብርት በታች ሕመም ይመጣል። ወር አበባዋ ከተቋረጠ ዓመት ያለፋት ሴት ጠብታ ደም እንኳ ብታይ በዚያው ሳምንት ትመርመር።

ፀበል እየጠጣሁ ነው፤ ሕክምና ልተው?

አይተዉ። ፀበሉንም ሕክምናውንም አብሮ መያዝ ይቻላል። ሁለቱ አይጣሉም፤ የሚጎዳው ሕክምናውን ሳይጀምሩ ወራት ማሳለፍ ነው።

የተከተበችም መመርመር አለባት?

አዎ፣ 30 ዓመት ሲሞላት። ክትባቱ ዋና ዋናዎቹን ዓይነቶች ይከላከላል እንጂ ካንሰር አምጪዎቹን ሁሉ አይሸፍንም።

አግብታለች፤ ግን ገና 14 ዓመቷ ነው። ትከተብ?

ትከተብ። አንዱ ዓይነት ይዟት ቢሆን እንኳ ከሌላው ይጠብቃታል። ማግባቷን ሰምቶ የሚመልሳት ሰው ካለ ጤና ጣቢያውን ጠይቁ።

ካርዷ ጠፍቷል፤ መከተቧንም እርግጠኛ አይደለሁም።

መጀመሪያ የጤና ኬላውን መዝገብ አስፈትሹ፤ የተከተበችበትን ዓመትና ትምህርት ቤት መናገር ፍለጋውን ያቀለዋል። ካልተገኘ ትከተብ፤ ድጋሚ ብትወስድ አይጎዳትም። አዲሱን ካርድ ከልደት ወይም ከክርስትና ካርዷ ጋር በአንድ ላስቲክ አድርጋችሁ አስቀምጡት።